ከለገሃር እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ

የመስቀል በዓል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና ለመሳፈር የሞከረ ሰው ስለ መንገድ ችግር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያው በሰው ይሞላል። አንዱ ለእናቱ የገዛውን ነጠላ፣ ሌላው ለአባቱ የገዛውን ጋቢ፣ ሦስተኛው ለታናናሾቹ የገዛውን ጫማ ታቅፎ ይቆማል። የሐዲያና የከምባታ ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይዋል የትም ይደር፣ በመስቀል ከእናት አባቱ ቤት ካልተገኘ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በአገር ቤት ወንዶቹ ለበሬ መግዣ ገንዘብ፣ ሴቶቹም ቅቤ ሲያጠራቅሙ የከረሙት ለዚያች ዕለት ነውና፣ የሚጠበቀው ልጅ ካልደረሰ የበዓሉ ግማሽ ጎደለ ማለት ነው።

ባለፈው የመስቀል ሰሞን እኛም ከዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆመን ነበር። መኪናው ይመጣል ከተባለበት ሰዓት አልፎ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ከፊታችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉና ወደኛ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ በጎልማስነታችን መተሐራ አገዳ ስንቆርጥ ባቡር ሲያልፍ እናይ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ጭኖ ይሄድ ነበር። ያ ባቡር ወደኛ አገር እንዳይመጣ ማን ከለከለው?» ሲሉ ጠየቁን።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ገና ብዙ ጊዜ ያላለፈን ብንሆንም፣ በዚያን ሰዓት የምንመልሰው ቃል አላገኘንም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከሕሊናችን አልወጣም። ስለዚህ በዛሬው እሑድ ዓምዳችን ስለ ምድር ባቡራችን ታሪክ፣ ስለ ለገሃርና ስለ ተሳፋሪው ጥቂት ለመናገር አስበናል። ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ሁሉ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ትምህርት እንድታነቡት እንለምናለን፤ ስለ ነገው ሐዲድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁና።

በመጀመሪያ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን እናስታውስ። ከሸዋ ተነስቶ እስከ ባሕር ጠረፍ የሚወርድ ነጋዴ ዕቃውን በበቅሎና በግመል ጭኖ፣ ቆላውንና በረሃውን አቋርጦ ለመድረስ ከአንድ ወር የበለጠ ጊዜ ይፈጅበት ነበር። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ከባሕር ሲደርስ የመጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይፎካከር ነበር። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ይህን ችግር ከማንም ይልቅ የተረዱ ንጉሥ ስለ ነበሩ፣ የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ያቀረበላቸውን ሐሳብ ተቀብለው በ1886 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የሚቆይ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡት። ኢልግም ሙሴ ሼፍኔ ከሚባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያውን አቋቋመ። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ።

ፈቃድ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ማግኘት ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ሐዲዱን የጀመረው በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ስለ ነበር፣ ሥራው ሳይገፋ ካፒታሉ አለቀበት። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለመርዳት ከኩባንያው ጋር ውል ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ ከፍተኛ ሥልጣን አገኘ። አጤ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። እሳቸው የፈቀዱት ለንግድ የሚሆን ሐዲድ እንጂ የባዕድ መንግሥት ክንድ ወደ ግዛታቸው የሚገባበት በር አልነበረም። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬ ዳዋ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ በምረቃው ላይ አልተገኙም። ሐዲዱም ከድሬ ዳዋ አልፎ ሳይሄድ ለብዙ ዓመታት ቆመ። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ።

ከዚህ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊያን ተሰጠና አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራውም ቀጥሎ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። አጤ ምኒልክ ግን ያን ያህል የደከሙበትን ባቡር በመዲናቸው ሳያዩት በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። እንግዲህ ፈቃድ ከተሰጠበት ዓመት እስከ መዲናይቱ ድረስ 23 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ዛሬ አንድ ፕላን በአምስት ዓመት አልተፈጸመም ብለን ተስፋ ስንቆርጥ ይህን ቁጥር ብናስታውሰው መልካም ነው።

ሐዲዱ በሄደበት መንገድ የከተማ ዕድል ተወሰነ። በመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ሐረር መድረስ ነበረበት። ነገር ግን ተራራው የከበደ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ከግርጌ በሜዳው በኩል አለፈ። በዚያ ሜዳ ላይ ድሬ ዳዋ በቀለች፤ በመጀመሪያውም ጊዜ አዲስ ሐረር እየተባለች ትጠራ ነበር። ስንት መቶ ዓመት የንግድ እናት ሆና የኖረችው ሐረር ግን ገበያዋን ለትናንት ልጅ ከፍላ ሰጠች። ሞጆና አዳማም ዛሬ ያላቸውን መልክ ያገኙት ሐዲዱ ስላለፈባቸው ነው። በአዋሽ ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረችውማ ዕድሜዋ ከባቡሩ የመጣ ነው። ባቡር ሰውና ዕቃ ከማመላለሱም በላይ ከተማን ይወልዳል፤ ከተማንም ያስረጃል።

አሁን ወደ ለገሃር እንምጣ። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ጣቢያው» ማለት ነው። ሕዝባችን ግን የራሱ አድርጎት የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ በከተማይቱ ደቡባዊ አደባባይ ላይ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። ይህን ሐውልት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነቅለው ወደ ሮማ ወስደውት ነበር፤ በኋላም ተመልሶ በቦታው ቆሟል። በዚህ ጣቢያ ስንት ነገር አለፈ! የውጭ መንግሥታት እንግዶች ወደ ንግሥ በዓል መጡበት፤ ተማሪዎች ወደ ባሕር ማዶ ተሸኙበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነበር።

ጣቢያ ማለት ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም። የሐዲድ መዳረሻ ማለት ብዙ መንገዶች የሚገናኙበት፣ ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ በእግሩ፣ በጋሪ፣ በአውቶቡስ ወደ ጉዳዩ የሚሄድበት ቦታ ነው። ይህን ነገር በደንብ ለመረዳት ወደ አሜሪካ እንሻገር። አጤ ምኒልክ ለኢልግ ፈቃድ በሰጡበት በዚያው በ1886 ዓ.ም.፣ በዓመቱ ማብቂያ ላይ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ ታላቅ የባቡር ጣቢያ ተመርቆ ነበር። በዚያች ከተማ ከ20 የሚበልጡ የባቡር ኩባንያዎች ይገናኙ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ለየራሱ ጣቢያና ለየራሱ ድልድይ ቢሠራ ከተማይቱ በሐዲድ ትታፈን ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ተባብረው አንድ የመዳረሻ ኩባንያ አቋቋሙ። የዚህ ኩባንያ ሥራ ባቡሮችን ወደ ሩቅ አገር ማስኬድ ሳይሆን፣ ድልድዩን፣ የውስጥ ሐዲዱንና የጋራውን ጣቢያ መያዝና ማስተዳደር ነበር።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አደጋም ነበረበት። የከተማይቱን በር የያዘ ሰው ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል ለማለት ይችላልና ነው። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ1904 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ ማኅበሩ ይፍረስ አላለም፤ ነገር ግን ማንኛውም የባቡር ኩባንያ በእኩል ሁኔታ ሊገለገልበት ይገባል ሲል አዘዘ። ይህ ፍርድ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። በር የሁሉ መሆን አለበት፤ በሩን የሚጠብቀው ግን አንድና ኃላፊነት ያለበት አካል መሆን ይኖርበታል።

የዚያ ጣቢያ መጨረሻም ሊታወስ የሚገባው ነው። አውቶሞቢልና አውሮፕላን ተሳፋሪውን ወሰዱት። የአሜሪካ ኩባንያዎች ሰው ማጓጓዝ ኪሳራ ሆነብን ስላሉ፣ በ1963 ዓ.ም. አምትራክ የሚባል ድርጅት የብዙዎቹን የተሳፋሪ አገልግሎት ተረከበ። ከዚያ ታላቅ ጣቢያም በ1971 ዓ.ም. የመጨረሻው ባቡር ወጣ። በኋላም ሕንፃው ሆቴልና የገበያ ስፍራ ሆነ። የመዳረሻው ኩባንያ ግን ዕቃ የሚጭኑትን ባቡሮች እያገናኘ ሥራውን ቀጠለ። ከዚህ የምንረዳው፣ ባቡር ሲዳከም በመጀመሪያ የሚጣለው ተሳፋሪው መሆኑን ነው። ዕቃ ይከፍላል፤ ዕቃ አይጮህም፤ ዕቃ ወንበር አይጠይቅም። ሰው ግን ለኩባንያ የሒሳብ መዝገብ አስቸጋሪ ጭነት ነው።

በእኛም አገር የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ አንድ ሌሊት በድሬ ዳዋ ያድር ነበር። ማዕረጉም ተለያይቶ ነበር፤ ገንዘብ ያለው በአንደኛ ማዕረግ ይቀመጣል፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን በሦስተኛው ማዕረግ የእንጨት አግዳሚ ላይ ከዶሮውና ከቅርጫቱ ጋር ተጨናንቆ ይሄዳል። ባቡሩ በየጣቢያው ሲቆም እንቁላል ቀቅሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ በመስኮት የሚሸጠው ሕፃንና ሴት ብዙ ነበር። ሕይወታቸው በዚያ የአሥርና የሃያ ደቂቃ ገበያ ላይ የተመሠረተ ቤተሰቦች በሐዲዱ መሥመር ሁሉ ይገኙ ነበር። ኩባንያው ስለ እነዚህ ቤተሰቦች በመዝገቡ የጻፈው ነገር ባይኖርም፣ የተሳፋሪ ባቡር ሲቆም በመጀመሪያ የተራቡት እነሱ ናቸው።

ሽማግሌው ወደ ነገሩን እንመለስ። ሆሳዕና፣ የጥንት ስሟ ዋቸሞ፣ ከሐዲዱ የራቀች ከተማ ናት። የሐዲያና የከምባታ ሰው ግን ባቡሩን ያወቀው ቀደም ብሎ ነው። በአዳማ አቅራቢያ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር፣ በኋላም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመተሐራው ሲከተል፣ ለአገዳ ቆረጣ ብዙ ጉልበት ያስፈልግ ነበር። በሐዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ደግሞ እንሰት የሚተከልበት መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡም የበዛ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ለግብር የሚከፈለውን፣ ለጥሎሽ የሚሰጠውን፣ ለላም መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ፍለጋ ከአገሩ እየወጣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። መተሐራም አዳማም የባቡር ጣቢያ ያላቸው ከተሞች ናቸው። የደገኛው ልጅ የባቡሩን ፊሽካ የሰማው አገዳውን እየቆረጠ ነበር። የእኛ አገር ሰው ለባቡሩ ጭነት ስኳር አምርቷል፤ ባቡሩ ግን እርሱን ወደ ቤቱ አላደረሰውም።

ሐዲዱ ወደ ደቡብ ይምጣ የሚለው ሐሳብ ግን ጭራሽ ሳይነሳ የቀረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በተዋዋሉት ውል የኩባንያው ግማሽ ድርሻ የኢትዮጵያ ሆነ፤ ዋናው ጽሕፈት ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። በዚያው ዘመን፣ በ1950ዎቹ፣ ከናዝሬት ማለትም ከዛሬዋ አዳማ ተነስቶ እስከ ዲላ የሚደርስ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ለመዘርጋት ታስቦ ነበር። ዓላማውም የሲዳሞን ቡና ወደ ባሕር ማውረድ ነበር። ይህ ሐዲድ ቢሠራ ኖሮ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነስቶ በሐላባ በኩል የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ከባቡር ጣቢያ ይደርስ ነበር። ፕላኑ ግን ከወረቀት ሳያልፍ ቀረ። የሽማግሌው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የከለከለ ሰው የለም፤ የተጀመረውን የፈጸመ ግን አልተገኘም።

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ማኅበር አቋቁመው፣ ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው ያለውን ሁሉ እያስተባበሩ ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ከአለም ገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚሄደውም መንገድ እንዲሁ የሕዝብ መዋጮ ተሰብስቧል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ያለው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የእነዚያ ሰዎች ላብ አለበት። በሕዝብ መዋጮ መንገድ መሥራት ይቻላል። ሐዲድ ግን በመዋጮ አይሠራም፤ የመንግሥት ገንዘብ፣ የመንግሥት ዕቅድና ከሁሉም በላይ የመንግሥት ትዕግሥት ይጠይቃል።

የአሮጌው ሐዲድ የኋላ ዘመን አሳዛኝ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው መሥመሩ አንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። ጅቡቲ በዚያው ዓመት ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ኩባንያው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ፈጣን ባቡር በአዋሽ አጠገብ ባለ መታጠፊያ ላይ ከልክ በላይ ፈጥኖ ሲሄድ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች መካከል እጅግ ከከበዱት አንዱ ይኸው ነው። ስለ ባቡር ስንጽፍ ስለ ሥልጣኔው ብቻ መጻፍ ተገቢ ስላልሆነ ይህን ማንሳት አስፈልጎናል። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር፣ ፍሬኑን የሚመረምር፣ መታጠፊያውን የሚያውቅ ሠራተኛ የሌለው ባቡር የሥልጣኔ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ እያረጀ፣ ባቡሩ እየተበላሸ፣ ጭነቱም ወደ ከባድ መኪና እየሄደ መጣ። የሁለት መንግሥታት ንብረት የሆነ ነገር አንዳንድ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ አንዱ ሌላው ያድሰዋል ብሎ ይጠብቃልና። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬ ዳዋ የሚሄደው አገልግሎት ቆመ። በለገሃር የነበረው የተሳፋሪ ግርግር ጠፋ። በሐዲዱ መካከል ሣር በቀለ። በትናንሾቹ ጣቢያዎች እንቁላል ይሸጡ የነበሩት እናቶች ወደ መኪናው መንገድ ዳር ሄዱ፤ የመኪናው መንገድ የራቀባቸው ደግሞ ሠፈራቸውን ለቀው ተበተኑ።

ከዚህ በኋላ አዲስ ዘመን መጣ። ከሰበታ ተነስቶ እስከ ጅቡቲ የሚደርስ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። መደበኛ ሥራውንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከኩባንያው ድርሻ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የሚያስኬዱት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን የአገራችንና የጅቡቲ ባለሙያዎች ተረክበውታል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። አጤ ምኒልክ በ1894ቱ ውል የተቆጡበት ምክንያት ሐዲዱ በማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ ነበርና፣ ከመቶ ዓመት በኋላ መልስ ማግኘቱ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለን። አሮጌው ባቡር ተሳፋሪውን ከከተማው እምብርት ከለገሃር ያነሳው ነበር፤ በድሬ ዳዋም በከተማው መካከል ያወርደው ነበር። አዲሶቹ ጣቢያዎች ግን ከከተሞቹ ውጭ ርቀው ነው የተሠሩት። በአዲስ አበባ ተሳፋሪው ለቡ ድረስ መሄድ አለበት። በድሬ ዳዋና በአዳማም ከጣቢያው ወደ ከተማ ለመግባት ሌላ መኪና ፍለጋ ይቆማል። መሐንዲሶቹ ምክንያት አላቸው፤ ረጅም የዕቃ ባቡር በከተማ መካከል ሊያልፍ አይችልም፤ የከተማ መሬትም ውድ ነው። ምክንያቱን እንቀበላለን። ሆኖም ለዕቃው የተመቸው ቦታ ለሰው ላይመች ይችላል። በከተማይቱ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በለገሃር በኩል ያልፋል፤ እስከ አገር አቋራጩ ጣቢያ ግን አይደርስም። ሴንት ሉዊሶች ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያገናኙ፣ እኛ ያሉንን ሁለት ባቡሮች ማገናኘት እንዴት ያቅተናል?

አሁን ይህ ሁሉ ለሆሳዕና ምን ይጠቅማታል የሚለውን እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የልማት ዕቅድ ውስጥ፣ ከሞጆ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ደቡብ ድንበር የሚሄድ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚሄድ ሐዲድ ታስቦ ነበር። አልተሠሩም። በካርታ ላይ ሲታይ ሆሳዕና በሁለቱ መካከል ትቀመጣለች፤ በምሥራቅ ሻሸመኔ፣ በምዕራብ ከጊቤ ማዶ ጅማ። የነገው ሐዲድ በአንዱ በኩል ይምጣ በሌላው፣ ከተማችን የሐረርን ዕድል እንዳታገኝ ከአሁኑ መዘጋጀት አለባት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። እንግዲህ ጉዳዩን የሚያስብ ሰው አጣን ለማለት አንችልም።

በበኩላችን ለወጣት ባልደረቦቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሰው ይቆጠር። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከሌሎቹ ከተሞች በየቀኑ ስንት ሰው ይነሳል? ወዴት ይሄዳል? በመስቀል ሰሞንስ ስንት እጥፍ ይሆናል? ሐዲድ ይሠራ ተብሎ ጥናት ሲደረግ፣ ቡናው በኩንታል፣ ሲሚንቶው በቶን ተቆጥሮ ይቀርባል። ሰው ግን በግምት ይታለፋል። ያልተቆጠረ ሰው ወንበር አይሠራለትም።

ሁለተኛ፣ ቦታ ይጠበቅ። ከተማው እያደገ ሲሄድ ለመናኸሪያና ለወደፊቱ ጣቢያ የሚሆን መሬት ከወዲሁ ካልተያዘ፣ ነገ ሐዲዱ ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ርቆ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሐዲዱ በሃምሳ ዓመት እንኳ ባይመጣ፣ የተጠበቀው ቦታ ለአውቶቡስ ይሆናል፤ ማንም አይከስርም።

ሦስተኛ፣ ባቡሩን እየጠበቅን ያለንን በር እናስተካክል። መናኸሪያ የድሃ ሰው ለገሃር ነው። መኪናው የሚነሳበት ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ፣ ለሽማግሌና ለእርጉዝ የሚሆን አግዳሚ፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት የሚሊዮኖች ብድር አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ኃላፊ በማለዳ ተነስቶ ከሰልፉ መካከል ቆሞ ማየቱን ነው። ተሳፋሪን በመናኸሪያ ያላከበረ አስተዳደር በባቡር ጣቢያ ያከብረዋል ብለን አናምንም።

ይህን የምንለው ነገሩ ከምቾት የሚያልፍ ስለ ሆነ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ አደገኛውን መንገድ ይይዛሉ። በመንገድ የቀሩትን እናቶቻቸው ያውቋቸዋል። ሰው ሩቅ አገር የሚሄድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መንገድ ብቻውን አያስቀረውም። ነገር ግን አንድ ወጣት ጠዋት ከሆሳዕና ተነስቶ በአዳማ ወይም በሞጆ ፋብሪካ ሠርቶ በሳምንቱ መጨረሻ እናቱን ማየት የሚችል ቢሆን፣ ሩቁ አገር እንደ ዛሬው የቀረበ አይመስለውም ነበር። የአያቱ ዘመን ሰው አገዳ ሊቆርጥ መተሐራ ወርዶ በመስቀል ይመለስ ነበር። የዛሬው ልጅ ጆሃንስበርግ ሄዶ ስንት መስቀል ያልፈዋል።

በዚያን ቀን መኪናው የመጣው ረፋዱ ላይ ነበር። ሽማግሌውን ደግፈን አሳፈርናቸው፤ ከመስኮቱ አጠገብም ተቀመጡ። ቡታጅራን አልፈን ሜዳው ሲያልቅ፣ የእንሰቱ አረንጓዴ ከሩቅ ሲታይ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ደረስን» አሉ፤ ገና ብዙ መንገድ ይቀረን ነበር። እኛም ያን ጊዜ ያልመለስንላቸውን ጥያቄ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ለመመለስ ሞክረናል። አባባ፣ ባቡሩን የከለከለው ተራራ አይደለም። አጤ ምኒልክ ከፈቀዱት ሐዲድ 23 ዓመት ጠብቀው የፈጸሙት ሰዎች ነበሩ፤ ለዲላው ሐዲድ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘለትም። እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንባብያን መካከል ይገኝ ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።